ቤተሰብ ጭኖ ቨርጂኒያ ሳፋሪ ፓርክ፦ ከዋዜማው እስከ መኪና እጥበቱ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ለምንኖር ሰዎች ሰመር ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ጥያቄው አንድ ነው። ልጆቹን የት እንውሰዳቸው? የዲሲው ዙ በነጻ ነው፣ ቆንጆም ነው፣ ግን ስንቴ ይታያል። ባሕር ዳርቻው ኦሽን ሲቲ እንዳትሉ ቅዳሜ መንገዱ ያስመርራል። እስቲ ዘንድሮ ወደ ተራራው በኩል ሞክሩ።

ናቹራል ብሪጅ በምትባል ትንሽ የቨርጂኒያ መንደር ቨርጂኒያ ሳፋሪ ፓርክ የሚባል ቦታ አለ። በአውሮፓውያኑ 2000 የተከፈተ ነው። 180 ኤከር መሬት ላይ 3 ማይል ያህል መንገድ ተቀይሶለታል፣ በዚያ ላይ በራሳችሁ መኪና ቀስ እያላችሁ ታልፋላችሁ። እንስሳቱ በሽቦ አልተከለሉም። ግመሉ፣ ላማው፣ አጋዘኑ፣ ሰጎኑ ራሱ ወደ መኪናው ይመጣል፣ እናንተ በር ላይ በባልዲ የገዛችሁትን መኖ በመስኮት ታበሉታላችሁ። አንበሳ በመኪና ኮፈን ላይ ሲዘል አያለሁ ብሎ የሚሄድ ካለ አስቀድሞ ይወቅ፣ በመኪና የሚታለፈው ክፍል የሣር በሎች ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ሰው ሄዶ ሲመለስ ከሚያማርረው ተነስቼ ነው። የሚያማርረው ደግሞ በእንስሳቱ አይደለም፣ በመኪናው ነው። ማን የት ተቀመጠ፣ የቱ መስኮት ተከፈተ፣ መኖው ለምን ቶሎ አለቀ። እነዚህ ከቤት ሳትወጡ ከተፈቱ ቀኑ ያምራል።

ቀኑን መምረጥ

ከዲሲ ወደ 200 ማይል ይጠጋል። ሳትቆሙ ከነዳችሁ ከ3 ሰዓት በላይ ነው፣ ልጅ ካለ ደግሞ ሳይቆሙ መንዳት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ቅዳሴ ወጥታችሁ፣ ጸበል ጻዲቁ ተቀምሶ፣ ሰው ተሳስማችሁ ስትነሱ ቀኑ ተጋምሷል፣ ስትደርሱ እንስሳቱ ጠግበው ጥላ ስር ተኝተዋል። የሚሻለው ቅዳሜ ነው። ከተቻለ ደግሞ ከሥራ አንድ የሥራ ቀን ወስዳችሁ ሂዱ፣ በጣም ይለያል። እንስሳቱ ጠዋት ይርባቸዋል፣ ሰው በበዛበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሲበሉ ስለዋሉ ባልዲ ብታሳዩዋቸውም ዞር ብለው አያዩአችሁም።

የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱም ዋጋውም በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ድረ ገጻቸውን እዩ፣ ቲኬቱንም እዚያው ቁረጡ። አድራሻውን ስትጽፉ ሙሉ ስሙን ጻፉ። ካልሆነ ካርታው ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዳችሁ ይችላል።

ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ብቻ ያላችሁ ወላጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አያዋጣም። ስድስት ሰባት ሰዓት ካር ሲት ላይ የታሰረ ሕፃን ለማንም ደስታ አይሰጥም። ወይ አቅራቢያው ባሉት ከተሞች በሌክሲንግተን ወይም በሮአኖክ እደሩ፣ ወይ ልጁ ትንሽ ይደግ። ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት ካሏችሁ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ሌላ ቦታ ስንወስዳቸው ጉልበታቸውን እያሻሹ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቁናል። እዚህ ግን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁሉም ነገር እነሱ ጋ ይመጣል። "ግመል ለማየት ነው ይኼን ሁሉ ብር የከፈላችሁት?" መባሉ እንደሆነ አይቀርም፣ ተዘጋጁ።

የቱን መኪና?

ኡበርና ሊፍት የምትሠሩበትን መኪና ከሆነ የምትወስዱት ሁለቴ አስቡ። የግመል ልጋግ፣ የመኖ ዱቄትና የእንስሳ ሽታ አንድ ላይ ሆነው ሰኞ ጠዋት ኤርፖርት የሚሄድ ደንበኛ ላይ ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያቅትም። ሌላ መኪና ከሌለ መቀመጫውን በአሮጌ አንሶላ ጥሩ አድርጋችሁ ሸፍኑት፣ ወለሉ ላይም የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፉ።

ኢንሹራንሱንም እዩት። አሜሪካ ውስጥ እንስሳ መኪና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚሸፈነው ኮምፕሪሄንሲቭ በሚባለው ክፍል ነው። ላያቢሊቲ፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት የሚሸፍነው ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ ቀንድ ያለው በሬ በራችሁን ቢቧጭረው የራሳችሁ ዕዳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ ይደርሳል ማለቴ አይደለም፣ ግን አዲስ መኪና የገዛ ሰው አውቆ ይግባ። የኪራይ መኪና ከሆነም ውሉን አንብቡ።

ሲየና ወይም ሌላ ሚኒቫን ያላችሁ ጥሩ ነው፣ ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ ተንሸራታቹ በር። ልጅ ሳያስበው ቁልፉን ይነካና በሩ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ውጭ ደግሞ አንድ ላማ ባልዲውን እያየ ቆሟል። በሾፌሩ በኩል የኋላ በሮችን የሚያጠፋውን ማብሪያ ማጥፊያ ፈልጉ፣ የልጆች መቆለፊያውንም አድርጉ። ሁለተኛ፣ የሦስተኛው ረድፍ መስኮት አይወርድም። እዚያ የተቀመጠ ልጅ ምንም ሳያበላ ስለሚያልፍ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ቦታ እንደሚቀያየሩ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ፣ ማን መጀመሪያ ከፊት እንደሚሆንም ዕጣ አውጡ። ቅያሪው ራሱ መኪናው ውስጥ በውስጥ ነው የሚሆነው። ሳፋሪው ውስጥ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው።

መንገዱ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጁ 6 ሰዓት ተነሱ። 66 ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ 81 ቁጥር ላይ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መንዳት ነው። ሃሪሰንበርግን፣ ስታንተንን፣ ሌክሲንግተንን አልፋችሁ 180 ቁጥር መውጫ ላይ ትወጣላችሁ።

ዲሲን ከሚዞረው ቤልትዌይ ውጭ ያለው የ66 ኤክስፕረስ መስመር በክፍያ ነው፣ ሆኖም መኪናው ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ካለ ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የሚባለውን የመንገድ መክፈያ መሣሪያ ይዛችሁ ማብሪያውን ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የጫነ መኪና) ላይ ካደረጋችሁት በነጻ ታልፋላችሁ። ሕፃንም እንደ ሰው ይቆጠራል። ተራው ኢዚ ፓስ ግን ይህን አያደርግም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚያጣው።

81 ትራክ የሚበዛበት መንገድ ነው። ትራክ የምትነዱ ወንድሞቻችን እንደ እጃችሁ መዳፍ ስለምታውቁት ለእናንተ ምክር የለኝም። ለሌሎቻችሁ፣ በሁለት ትራክ መሐል ተጣብቃችሁ አትንዱ፣ ዝናብ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ራቁ። ከሪችመንድ ወይም ከሻርሎትስቪል በኩል በ64 የምትመጡ ከሆነ አፍተን ማውንቴን ላይ ጉም ይወርዳልና ጠዋት ቀስ በሉ።

እረፍት ሃሪሰንበርግ አካባቢ ይሻላል፣ መንገዱ ከግማሽ በላይ ያለቀው እዚያ ነው። ነዳጅም እዚያው ሙሉ። ሳፋሪው ውስጥ ሞተር ሳይጠፋ፣ ኤሲ በርቶ፣ መስኮት ተከፍቶ ረጅም ሰዓት ስለምትንፏቀቁ ነዳጁ ከምታስቡት በላይ ይሄዳል። ካርታውንም ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱ፣ በተራሮቹ መሐል ኔትዎርክ ሊጠፋ ይችላል።

ምን ይያዝ?

ምግብ ያዙ። ጥቅልል ፍርፍር በፎይል፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬ። ነሐሴ ላይ ከሄዳችሁ ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ምግብ መንገድ ላይ ስትፈልጉ ከምትንከራተቱ ከቤት መያዙ ይሻላል። ወጥ ግን ተዉት፣ ሙቅ መኪና ውስጥ የፈሰሰ ወጥ ታሪኩ ረጅም ነው። ምግቡን ሁሉ ወደ ሳፋሪው ስትገቡ ከኋላ ሣጥን ውስጥ ቆልፉት። እንስሳቱ የእናንተን ቆሎና የባልዲውን መኖ አይለዩም።

የራሳችሁን ምግብ ለእንስሳ መስጠት ደግሞ ክልክል ነው፣ ክልክል የሆነውም በምክንያት ነው። የሚያመሰኩ እንስሳት ዳቦና እህል ድንገት በብዛት ሲበሉ ሆዳቸው ውስጥ አሲድ ይበዛና ይታመማሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ይህንን በተለይ ለእናቶቻችን ቀድማችሁ ንገሩ። የራበው ፍጥረት መስኮት ላይ ቆሞ እያየ እጃቸው ወደ ዳቦው አይሄድም ብዬ አላምንም።

ሌላው ቀላል ነው። ቅያሪ ቲሸርት ለሁሉም ልጅ፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ የቆሻሻ ከረጢት፣ ኮፍያ፣ ውሃ። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ኢንሄለሩ እጅ ላይ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። የመኖው ዱቄትና የእንስሳው ፀጉር መኪና ውስጥ ይገባል። ውሻችሁን እቤት ተዉት።

በሩ ላይ

መጀመሪያ ሽንት ቤት። ሁሉም ሰው ይሂድ፣ "አልመጣኝም" የሚለውም ጭምር። አንዴ ከገባችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል፣ ከፊት ያለው መኪና ካልሄደ ደግሞ እናንተም አትሄዱም።

ከዚያ ባልዲ ግዙ። አንድ ለመላው ቤተሰብ ይበቃል ብላችሁ አትቆጥቡ፣ ልጆቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ለአንድ ልጅ አንድ ባልዲ ብትገዙ ሰላም ታገኛላችሁ።

መስተዋቱን እጠፉ፣ አንቴናው የሚፈታ ከሆነ ፍቱት፣ የፀሐይ መነጽርና ስልክ ከመስኮት ራቅ ይበል። ረጅም የተንጠለጠለ ጉትቻ ያደረገች እህት ካለች ታውልቀው።

ውስጥ

ከሁሉ በላይ የምለው ይህ ነው። መኖውን አትጨርሱት። በሩን አልፋችሁ ገና ሃያ ሜትር ሳትሄዱ አጋዘኖችና ላማዎች ይከቧችኋል። እነሱ እዚያ የቆሙት ሥራቸውን ስለሚያውቁ ነው፣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ባየው እንስሳ ይደነግጥና ባልዲውን ይዘረግፋል። ከዚያ ወደ ውስጥ ግመሉ ጋ፣ ጎሹ ጋ፣ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ዋቱሲ ከብቶች ጋ ስትደርሱ ባዶ ባልዲ ይዛችሁ ታያላችሁ። ስለዚህ ባልዲው አዋቂ እጅ ላይ ይቆይ፣ ለልጁ በትንሽ ኩባያ እየቀነሳችሁ ስጡት።

መስኮቱን በተመለከተ የእኔ ምርጫ በአንድ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ መክፈት ነው። በሁለቱም በኩል ሲከፈት እንስሳቱ ግራና ቀኝ ይሰበሰባሉ፣ ሾፌሩ የቱ የት እንዳለ አያውቅም፣ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። መስኮት የሚከፍተውና የሚዘጋው ሾፌሩ ብቻ ይሁን፣ የልጆቹን መቆጣጠሪያ አጥፉት። እንስሳ ጭንቅላቱን ካስገባ በኋላ መስኮት የሚዘጋ ልጅ ለእንስሳውም ለእናንተም መጥፎ ነው። ሾፌሩ አያበላም፣ ቪዲዮም አይቀርጽም። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን እግሩ ፍሬን ላይ ይሁን። ሁለተኛ አዋቂ ካለ መንዳቱን ተቀያየሩ፣ ቅያሪው ግን ከሳፋሪው ከወጣችሁ በኋላ ነው።

ባልዲውን ከመስኮት ውጭ አውጥታችሁ ያዙት፣ ጭናችሁ ላይ አይሁን። ባልዲው ባለበት ጭንቅላቱ ይከተላል። ግመል ወይም ጎሽ ባልዲውን በአፉ ይዞ ከጎተተ ልቀቁት፣ የፕላስቲክ ባልዲ ነው። ከአንድ ቶን እንስሳ ጋር ጉተታ የሚገጥም ሰው አሸንፎ አያውቅም።

ሰጎኑ አይነክስም፣ ይጠቀጥቃል፣ ብዙ አያምም፣ ያስደነግጣል። ሰጎን የምትመስል ግን አነስ ያለች ወፍ ካያችሁ ኢሙ ናት፣ ከአውስትራሊያ። እግራቸውን እንዲያዩ ልጆቹን ጠይቋቸው፣ ሰጎን ሁለት ጣት፣ ኢሙ ሦስት ጣት ነው ያላት። የሜዳ አህያ ሲመጣ ግን መስኮት ይዘጋ። ያምራል፣ የዋህ ይመስላል፣ ይነክሳል፣ ከነከሰም አይለቅም። ቀንዳሞቹ ዋቱሲዎች ሲመጡ መኪናውን አቁማችሁ ዝም በሉ። ሊጎዷችሁ ፈልገው አይደለም፣ ቀንዳቸው ረጅም ስለሆነ ዞር ሲሉ መኪናው የት እንዳለ አያሰሉትም። ዝርያቸው ከኡጋንዳና ሩዋንዳ አካባቢ ነው። የራያን በሬ የሚያውቁ አባት መኪና ውስጥ ካሉ፣ እዚህ ቦታ ላይ ወሬያቸው ይጀምራል፣ ልጆቹም ይስሙት።

ክላክስ አትንፉ። እንስሳ መንገድ ዘግቶ ከቆመ ጠብቁ፣ ይሄዳል። ከኋላችሁ ያለው መኪና ከቸኮለና ቦታ ካለ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፣ ፎቶ ለማንሳት ሩብ ሰዓት መንገድ መሐል መቆም ነውር ነው። የፈራ ልጅ ካለ አታስገድዱት። ሁለቱንም መስኮት ዝጉና በመስታወት ይይ፣ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ "እኔም" ይላል።

ከመኪናው ስትወርዱ

በእግር የሚታየው ክፍል አለ። ቀጭኔዎቹ ጋ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ቆማችሁ ፊት ለፊት ታበሏቸዋላችሁ፣ ምላሳቸው ጠቆር ያለና ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ ፎቶው ሁሌም ያስቃል። ካንጋሮም አለ፣ ትንንሽ ወፎች እጅ ላይ የሚያርፉበት ቤትም አለ። ይህን ከሳፋሪው በኋላ አድርጉት፣ ጠዋቱን ለመኪናው ስጡ።

ከምግብ በፊት ግን እጅ መታጠብ። በሳሙናና በውሃ፣ ጄል ብቻ አይደለም። የእንስሳ እዳሪ ኢ. ኮላይ የመሳሰሉ ጀርሞችን ሊይዝ ይችላል፣ ለሁሉም ባይሆንም ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችና ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች በሽታው ይከብዳል። መኪናው ውስጥ ልክ ሳፋሪው እንዳለቀ ቺፕስ የሚከፍት ልጅ አይጠፋም፣ ቺፕሱ ከኋላ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው ለዚህም ነው። ጡጦና ሲፒ ካፕም በሳፋሪው ጊዜ ከመቀመጫ ላይ አይቀመጥ።

ጊዜና ጉልበት ከተረፋችሁ፣ ለቦታው ስሙን የሰጠው የድንጋይ ድልድይ ቅርብ ነው። 215 ጫማ ከፍታ ያለው፣ ውሃ ፈልፍሎ የሠራው ነው። ቶማስ ጄፈርሰን በ1774 ከነመሬቱ ከእንግሊዙ ንጉሥ በ20 ሺሊንግ ገዝቶት ነበር፣ ከ2016 ወዲህ የቨርጂኒያ ስቴት ፓርክ ነው፣ መግቢያው ለብቻው ይከፈላል። ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ ከመቶ በላይ ስለሆነ ጉልበት ለሚያማቸው አይመከርም። እኔን ብትጠይቁኝ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ከሆነ ይቅርባችሁ። ካደራችሁ በማግስቱ ጠዋት እዩት።

መመለሻው

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በፈረንጁ 3 ላይ ተነሱ። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ የሚነዳው ሰው ድካሙ የሚመጣው ልጆቹ ሁሉ ተኝተው መኪናው ጸጥ ሲል፣ 81 ላይ ነው። ሾፌር ቀይሩ፣ ቡና ግዙ፣ አለዚያም ስታንተን ላይ ቆማችሁ ሃያ ደቂቃ አሸልቡ።

መኪናውን በዚያው ቀን ማታ፣ ካልሆነ በማግስቱ ጠዋት አጽዱ። ውጩን ስታጥቡ የደረቀ ልጋግ ቀለሙን እንዳይቧጭረው መጀመሪያ በውሃ አርሱት፣ በደረቅ ጨርቅ አትፈትጉት። ውስጡን ቫኪዩም ስታደርጉ የካር ሲቱን ስር አንሱት፣ የመስኮቱን ጎማ መሐልም እዩ፣ መኖው የሚደበቀው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ከተረሳ ጉንዳንና አይጥ ይጠራል፣ አፓርትመንት ጋራዥ ውስጥ የምታቆሙ ከሆነ በተለይ። የካር ሲቱ ማሰሪያ ውስጥ ፍርፋሪ ገብቶ ጠቅ ብሎ የማይዘጋ ከሆነ ሳታጸዱት ልጁን እንዳታስሩበት።